አይኢፒው ላይ የማይጻፈው ሰው

ሚጌል ፔሬዝ መስማት የተሳነው ነው። በ9 ዓመቱ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ መጣ። ሚሺጋን ውስጥ ስተርጂስ በምትባል ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱም ክፍል ውስጥ የሚያግዙት ረዳቶች መደበለት። ረዳቶቹ ግን የምልክት ቋንቋ በወጉ አይችሉም ነበር።

ይህ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ሴሚስተር የሆነ ነገር አይደለም። ለ12 ዓመት ገደማ ዘልቋል። በክሱ ላይ እንደቀረበው ረዳቶቹ አንዳንዴ ለሰዓታት ጥለውት ይጠፉ ነበር። ሪፖርት ካርዱ ግን ያማረ ነው። ነጥቡ ጥሩ ነው፣ ከክፍል ክፍል ይዛወራል። ቤተሰቡም ልጃቸው እንደ እኩዮቹ እየተማረ ነው ብለው አመኑ። ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ እንደማይሰጠው ነገራቸው።

በማርች 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 9ኙም ዳኞች ተስማምተው ለሚጌል ፈረዱለት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዱ በዋናነት የካሳ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ካሳ ለመጠየቅ መጀመሪያ የልዩ ትምህርቱን ሕግ ረጅም የአቤቱታ መንገድ መጨረስ የለበትም አሉ። ጠበቆች ስለዚህ ብዙ ጽፈዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት መብቱ በሕግ ነበረ። አጠገቡም ሰው ነበረ። የጠፋው የዚያ ሰው ሥልጠና ነው።

እኔ በትምህርት ቤት ስብሰባዎች ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አስተረጉማለሁ። አይኢፒ የሚባለውን ሰነድ፣ ማለትም ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ በየዓመቱ የሚዘጋጀውን የግል የትምህርት ዕቅድ፣ ብዙ ጊዜ ገጽ በገጽ አንብቤ ለእናቶችና ለአባቶች አስረድቻለሁ። «በሳምንት 60 ደቂቃ የንግግር ሕክምና» ይላል። «በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት» ይላል። ሰነዱ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ግብ ይቆጥራል፣ በመቶኛ ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የሚውለው ሰው ግን ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሠለጠነ አንድም መስመር የሌለበት ሰነድ በጣም ብዙ ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መብቱ ከየት መጣ

ከ1975 በፊት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ «አንቀበልም» ማለት ይችሉ ነበር። ይሉም ነበር። በ1970 በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩት አካል ጉዳተኛ ልጆች ከ5 አንዱ ብቻ እንደነበሩ የመንግሥት ሰነዶች ይናገራሉ። ቀሪዎቹ ወይ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ወይ ከቤተሰብ ርቀው ተቋም ውስጥ።

በሩን የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በዋሽንግተን ዲሲ 7 ልጆችን ወክሎ የቀረበ ክስ ነበር። ከተማው «በጀት የለንም» ብሎ ተከራከረ። በ1972 ዳኛው ሰበቡን አልተቀበሉትም። ገንዘብ ካነሰ እጥረቱ በአካል ጉዳተኞቹ ልጆች ላይ ብቻ ሊወድቅ አይችልም አሉ። ይህን ፍርድ ሁሌም አስታውሰዋለሁ። ዛሬም «በጀት የለም» የሚለው ቃል ስብሰባ ላይ ሲነሳ እሰማለሁና።

ከዚያ በ1975 ኮንግረስ ሕጉን አወጣ። ፕሬዝዳንት ፎርድ ኖቬምበር 29 ቀን ፈረሙበት። በ1990 አይዲኢኤ የሚለውን የዛሬ ስሙን ያዘ። ዋናው ቃል ኪዳኑ አጭር ነው። ማንኛውም አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በነጻ፣ ለእሱ የሚስማማ ትምህርት ያገኛል። በተቻለ መጠንም አካል ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር አብሮ ይማራል።

በ2022-23 የትምህርት ዘመን በዚህ ሕግ የተገለገሉት ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉ ተማሪዎች 7.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከመቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ 15ቱ ማለት ነው። ይህ የጥቂት ልጆች ጉዳይ አይደለም። 20 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ በአማካይ 3ቱ አይኢፒ አላቸው።

«የሚስማማ ትምህርት» ሲባል ምን ያህል ነው የሚለው ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጁ የተወሰነ ጥቅም ካገኘ ይበቃል የሚመስል ፍርድ ሰጠ። ብዙ ዲስትሪክቶች፣ ማለትም የየአካባቢው የትምህርት ቤት አስተዳደሮች፣ ይህን ዝቅተኛ መስፈርት ይዘው ቆዩ። በ2017 በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጅ ጉዳይ ሲመጣ ግን ፍርድ ቤቱ ከፍ አደረገው። ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ ለውጥ እንዲያመጣ የሚያስችል መሆን አለበት አለ። ያንኑ ግብ በየዓመቱ ገልብጦ መጻፍ ከዚያ ወዲህ አያዋጣም።

የገንዘቡ ቃል ግን አልተጠበቀም። ኮንግረስ በ1975 ለአንድ ተማሪ በአማካይ ከሚወጣው ወጪ እስከ 40 በመቶ ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ልጅ ከፌደራል እደጉማለሁ ብሎ ነበር። እስከ ዛሬ እዚያ ደርሶ አያውቅም። አሁን የሚሰጠው ከ15 በመቶ በታች ነው። ልዩነቱን ክፍለ ግዛቶችና ዲስትሪክቶች ይሸፍኑታል። በጀት ሲጠብ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሥልጠና ነው። ሥልጠና ሲቀር የሚጮህ ሰው የለም። አውቶቡስ ቢቀር ወላጅ በማግስቱ ይደውላል። ሥልጠና ሲቀር ግን ማንም ሳያውቀው ዓመቱ ያልፋል።

ልጁን ማን ያስተምረዋል?

አብዛኛው ወላጅ ልጁ «ልዩ ትምህርት ላይ ነው» ሲባል በልዩ ትምህርት የተመረቀ መምህር ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። አይኢፒ ካላቸው ልጆች ከ3 ሁለቱ ያህሉ ከትምህርት ቀናቸው 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ የሚያሳልፉት በመደበኛ ክፍል ነው። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ሕጉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ይውላል፣ የሚማሩትን ይማራል።

ይህ ማለት ግን ዋናው አስተማሪው የመደበኛ ክፍል መምህሩ ነው። ያ መምህር ስለ ልዩ ፍላጎት ምን ያህል ተምሯል? በብዙ የመምህራን ማሠልጠኛ ፕሮግራሞች መልሱ አንድ ኮርስ ነው። አንድ ኮርስ ውስጥ ኦቲዝም፣ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ ችግር)፣ የትኩረት ችግር፣ የመስማትና የማየት ጉዳት፣ ሕጉም ጭምር ይታጨቃል። ከዚያ መምህሩ 25 ልጅ ይዞ ይጀምራል። መስከረም ላይ የ4 ወይም የ5 ልጆች አይኢፒ ይሰጠውና «አንብበህ ፈርም» ይባላል። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም። ብዙዎቹ ጨንቋቸው አይቻለሁ። አንዷ መምህርት በስብሰባ መሃል ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ልጁን እወደዋለሁ፣ ግን ምን እንደማደርግለት አላውቅም» ስትል አስተርጉሜያለሁ። ለእናትየው ይህን ቃል ወደ አማርኛ ማዞር ቀላል አልነበረም።

የልዩ ትምህርት መምህሩስ? እሱም በቂ የለም። ይህ እጥረት አዲስ አይደለም፣ አሥርተ ዓመታት አስቆጥሯል። በየዓመቱ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የልዩ ትምህርት መምህር እጥረት አለብን ብለው ለፌደራል መንግሥት ያሳውቃሉ። የሚለቁበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወረቀቱ ብዙ ነው። ስብሰባው ብዙ ነው። አንድ መምህር የሚይዛቸው ልጆች ቁጥር ከአቅም በላይ ይሆናል። ምሽት አይኢፒ ሲጽፍ ያመሻል፣ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል።

ቦታው ባዶ ሲሆን ዲስትሪክቱ ምን ያደርጋል? ያገኘውን ሰው ያስገባል። ተተኪ መምህር፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ሰው፣ «የአስቸኳይ ጊዜ» ፈቃድ የወጣለት ሰው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፌደራሉ ሕግ የልዩ ትምህርት መምህር ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪና ሙሉ የክፍለ ግዛት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል ይላል። መስፈርቱ በአስቸኳይ ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ ሰበብ ሊነሳ አይችልም። በ2022 የፌደራሉ የልዩ ትምህርት ቢሮ ይህንኑ ለክፍለ ግዛቶች በደብዳቤ አስታውሷል። አንድ መውጫ አለ። በአማራጭ መንገድ እየሠለጠነ ያለ ሰው ቢበዛ ለ3 ዓመት ማስተማር ይችላል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ክትትልና የቅርብ አማካሪ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ «ገና እየተማረ ነው» የሚል መልስ ሲሰጣችሁ «ማን እየተከታተለው ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሕጉ ራሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

እጥረቱን ለመቅረፍ ከተሞከሩት ውስጥ የሃዋይ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ሃዋይ መላው ክፍለ ግዛት አንድ ዲስትሪክት ነው። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ለልዩ ትምህርት መምህራን በዓመት 10,000 ዶላር ጭማሪ መክፈል ጀመረ። ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያዩት ባዶ የልዩ ትምህርት ቦታዎች በሲሶ ገደማ ቀንሰዋል። ከየት ተገኙ? በዋናነት መደበኛ ክፍል ሲያስተምሩ ከነበሩ መምህራን ነው። ሰው ነበረ ማለት ነው። ሥራው ሸክሙን የሚመጥን ክፍያ ስላልነበረው ርቀውት ነበር እንጂ። እጥረት ስንል ብዙ ጊዜ ሰው እንደሌለ እናስባለን። ከሰው እጥረት ይልቅ ሰውን የሚያቆይ ነገር እጥረት ነው የሚብሰው።

ረዳቶቹ

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ልምጣ።

ፓራ እንላቸዋለን። ከልጁ አጠገብ የሚቀመጡት፣ መጸዳጃ ቤት የሚያደርሱት፣ ምሳ የሚያበሉት፣ ሲናደድ የሚያባብሉት፣ ሒሳቡን እንደገና የሚያስረዱት ረዳቶች። ከልዩ ትምህርት መምህሩም፣ ከንግግር ቴራፒስቱም በላይ ከልጁ ጋር ረጅም ሰዓት የሚውሉት እነሱ ናቸው። ዲስትሪክቱ ውስጥ ዝቅተኛ ደሞዝ ከሚከፈላቸው መካከልም እነሱ አሉበት። ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው። የእኛም ሰዎች በብዛት አሉበት። አገር ቤት መምህር፣ ነርስ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ ወረቀታቸው ተቀባይነት እስኪያገኝ በዚህ ሥራ የገቡ።

ለሥራው የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የፌደራል ድጎማ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ የ2 ዓመት ኮሌጅ ወይም አንድ ፈተና ማለፍ ነው። ስለ አካል ጉዳት የመማር ግዴታ ግን የለባቸውም። የልዩ ትምህርቱ ሕግ ረዳቶችን «በአግባቡ የሠለጠኑና ክትትል የሚደረግላቸው» ከሆኑ መጠቀም ይቻላል ይላል። «በአግባቡ» ማለት ስንት ሰዓት ነው? ምን ዓይነት ሥልጠና? ፌደራሉ ለክፍለ ግዛቶች ይተወዋል። ክፍለ ግዛቶችም ብዙ ጊዜ ለዲስትሪክቱ። ዲስትሪክቱ ለትምህርት ቤቱ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለመምህሩ። መምህሩም ጊዜ የለውም።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ሰኞ ተቀጥራ ማክሰኞ የሚጥል በሽታ ካለበት ልጅ ጋር ትመደባለች። መምህራን የሥልጠና ቀን ሲኖራቸው ልጆች አይመጡም። ልጆች በማይመጡበት ቀን ደግሞ ረዳቶች በብዙ ቦታ ክፍያ የላቸውም። ስለዚህ ሥልጠናው ላይ አይጠሩም። ከልጁ ጋር ብዙ የሚውለው ሰው ከሥልጠናው የሚቀረው በክፍያ ሰንጠረዥ ምክንያት ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር።

ያልሠለጠነ ረዳት ጉዳቱ ምንድን ነው? ሰው ሲያስብ መጥፎ አያያዝ ብቻ ይመስለዋል። በእኔ ዓይን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከደግነት ይመጣል። ረዳቷ ልጁን ስለምትወደው ትሠራለታለች። ጫማውን ታስርለታለች። መልሱን ትነግረዋለች። ሌላ ልጅ ሲያናግረው እሷ ትመልስለታለች። ልጁ ሁልጊዜ ከትልቅ ሰው ጎን ስለሆነ ሌሎች ልጆች ይርቁታል። ዓመት ካለፈ በኋላ ያለ እሷ መንቀሳቀስ አይችልም። ባለሙያዎች ይህን ጥገኝነት ለረጅም ጊዜ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም። መቼ መጠጋት፣ መቼ መራቅ፣ ስንት ሰከንድ መጠበቅ፣ ፍንጭን እንዴት ቀስ በቀስ መቀነስ እንደሚገባ ማሳየት ነው። የሚያሳያት ሰው ግን ያስፈልጋል።

አዳራሽ ውስጥ የማይገኘው ነገር

ብዙ ዲስትሪክቶች ሥልጠና እንሰጣለን ይላሉ። ውሸት አይደለም። ኦገስት ላይ መምህራኑ ካፍቴሪያ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ባለሙያ ይመጣል፣ ስላይድ ያሳያል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ማንም ክፍል ገብቶ የተማሩት ሥራ ላይ መዋሉን አያይም።

ትምህርት ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ አካሄድ ብቻውን ክፍል ውስጥ ለውጥ እንደማያመጣ ከተስማሙ ቆይተዋል። የተሻለው መንገድ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ልምድ ያለው ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ «እስቲ አሁን አንቺ አድርጊው» ይላል። በ2018 የወጣ አንድ ትንተና 60 ጥናቶችን አጠናቅሮ እንዲህ ያለው ድጋፍ የመምህራንን አሠራርም የተማሪዎችን ውጤትም እንደሚያሻሽል አሳይቷል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለው። ፕሮግራሙ እየሰፋ ብዙ መምህራንን ሲይዝ ውጤቱ ይቀንሳል። ጥሩ አሠልጣኝ እንደ ልብ አይገኝማ።

ሌላው ተስፋ ያለው መንገድ ረዳቶችን ራሳቸውን መምህር ማድረግ ነው። በ2022 ቴነሲ ከፌደራል መንግሥት እውቅና ያለው የመምህራን ልምምድ ፕሮግራም በመጀመር ቀዳሚዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። ሰዎች ትምህርት ቤት ውስጥ እየሠሩና ደሞዝ እየተከፈላቸው፣ ያለ ክፍያ ተምረው ዲግሪና ፈቃድ ይዘው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተከትለዋል። ለእኛ ማኅበረሰብ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ልጆቹን የሚያውቅ፣ የቤተሰቡን ቋንቋ የሚናገር መምህር የሚወጣው ከእነዚህ ረዳቶች መካከል ነው። እናንተ ወይም የምታውቁት ሰው ፓራ ከሆናችሁ፣ ዲስትሪክታችሁ እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንዳለው ጠይቁ።

ከዋሽንግተን የሚመጣው ዜና ግን የሚያሳስብ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመምህራን ሥልጠና ድጎማ ሰረዝኩ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በኤፕሪል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ገንዘቡ ለጊዜው እንደታገደ እንዲቆይ ፈቀደ። በማርች የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ፤ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን አቤቱታ ከሚያዩት 12 የሲቪል መብት ቢሮዎች 7ቱ ተዘጉ። በኦክቶበር ደግሞ በጀት ባለመጽደቁ መንግሥት በተዘጋበት ጊዜ የልዩ ትምህርቱ ቢሮ ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። በኖቬምበር ኮንግረስ መንግሥቱን የከፈተበት ስምምነት ያን ቀለበሰው። ሕጉ ራሱ የኮንግረስ ሕግ ስለሆነ አልተነካም። ልጃችሁ ያለው መብት ትናንት የነበረው ነው። የተዳከመው መብቱ ሲጣስ አይቶ ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው። ስለዚህ ዲስትሪክቱንና ክፍለ ግዛቱን በቅርብ መከታተል አሁን የበለጠ ያስፈልጋል።

አማርኛ የሚናገር ልጅ ሲሆን

መምህር ሠለጠነ የሚባለው ስለ አካል ጉዳት ስላወቀ ብቻ አይደለም። ቋንቋ መልመድንና የመማር ችግርን መለየት መቻል አለበት። እኛ ቤት ይህ ትልቅ ጣጣ ነው።

አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ስለሆነ ብቻ «አካል ጉዳት አለበት» ሊባል አይችልም። ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። በተቃራኒው ደግሞ «እንግሊዝኛው ይሻሻል፣ እንጠብቅ» እየተባለ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ 3 ዓመት ሲንከራተት አይቻለሁ። ሁለቱም ስህተት ከአንድ ቦታ ይመጣሉ። የሚለይ ዓይን ከማጣት።

ምሳሌ ልስጥ። እንግሊዝኛ «ሦስት» ሲል መጀመሪያ ላይ ያለው ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣ ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። የእኛ ልጅ በ«ስ» ወይም በ«ት» ሊተካው ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው የንግግር ችግር ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ትልቅ ሰው ሲቆጣ አቀርቅሮ መሬት መሬት ማየት እኛ ቤት ጨዋነት ነው። ባልሠለጠነ ዓይን ደግሞ ዓይን ለዓይን አለመተያየት የኦቲዝም ምልክት ተብሎ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ምዘናው በተቻለ መጠን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መካሄድ አለበት ይላል ሕጉ። በአማርኛ የተዘጋጀ፣ በአማርኛ ተናጋሪ ልጆች ላይ የተሞከረ መመዘኛ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ መዛኙ ከቤተሰቡ ጋር ብዙ ማውራት አለበት። ልጁ ቤት ውስጥ በአማርኛ እንዴት ነው የሚያወራው? ታናሽ ወንድሙ ከእሱ ቀድሞ ተረት ይተርካል ወይ? በአማርኛም ቃል የሚጠፋው ልጅና በእንግሊዝኛ ብቻ የሚቸገረው ልጅ አንድ አይደሉም። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አስተርጓሚ ማግኘትም መብት ነው። ትምህርት ቤቱ ወላጅ ስብሰባው ላይ የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ አለበት። ትልቅ ልጃችሁን ወይም የአክስቱን ልጅ ይዛችሁ እንድትመጡ አትገደዱም። እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሜሪላንድና አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያሉ ዲስትሪክቶች አማርኛን ከዋና የትርጉም ቋንቋዎቻቸው ውስጥ አስገብተውታል። ትንሽ ዲስትሪክት ውስጥ ብትሆኑም መብቱ ያው ነው፤ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አንድ መስመር

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የመንግሥትና የዲስትሪክት ነገር ይመስላል። ወላጅ ሊነካው የሚችል አንድ ቦታ ግን አለ፤ እኔ ራሴ ለብዙ ጊዜ ሳላስተውለው አልፌዋለሁ።

ሕጉ አይኢፒ ውስጥ መጻፍ አለባቸው ከሚላቸው ነገሮች መካከል «ለትምህርት ቤቱ ሠራተኞች የሚሰጥ ድጋፍ» የሚል አለ። ለልጁ የሚሰጠው ብቻ አይደለም። ለመምህሩና ለረዳቱ የሚሰጠው ጭምር። ሥልጠና፣ ምክር፣ ክፍል ገብቶ ማሳየት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በብዙ ዲስትሪክቶች ቅጽ ላይ ለዚህ የተተወ ሣጥን አለ። ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፣ ወይም «እንደ አስፈላጊነቱ» ተብሎ ይታለፋል። እዚያ ሣጥን ውስጥ የገባ ነገር ግን ልክ እንደ ንግግር ሕክምናው ደቂቃ ግዴታ ነው። ካልተፈጸመ አቤት ማለት ይቻላል።

ይህን ያስተማረችኝ አንዲት እናት ናት። ልጃቸው 8 ዓመቷ ነው፤ በአፏ አትናገርም። የምትፈልገውን የምትነግረው ሥዕል የምትነካበት ታብሌት ይዛ ነው። ታብሌቱን ዲስትሪክቱ ሰጥቷል። ስብሰባው ጥሩ እየሄደ ነበር። ሁሉም ፈገግ ይላል። ሊያልቅ ሲል እናትየው ክንዴን ነካ አድርገው «ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ነገር ጠይቅልኝ» አሉ። «ልጄ ታብሌቷን ስታመጣ ሁልጊዜ ባትሪው ሙሉ ነው። ማታ ሞልቼ የላክሁት እንዳለ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ያበራዋል ወይ ሰው?»

አስተረጎምኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ረዳቷ እዚያው ነበረች። ከቀናት በኋላ ስንተዋወቅ የኤርትራ ልጅ መሆኗን አወቅሁ። በቀስታ ተናገረች። እንዴት እንደሚሠራ ማንም እንዳላሳያት፣ እንዳትሰብረው ፈርታ ቦርሳው ውስጥ እንደምትተወው። ከመስከረም ጀምሮ። ጊዜው ፌብሩዋሪ ነበር። ማንም አልተቆጣትም፤ ሊቆጧትም አይገባም ነበር። እናትየው ራሳቸው ናቸው እጇን የያዙት።

የንግግር ቴራፒስቷ ያን ባዶ ሣጥን ከፍታ ጻፈችበት። ለረዳቷና ለክፍሉ መምህር በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በወር ሁለት ጊዜ፣ ክፍል ውስጥ፣ ልጅቷ ባለችበት። ረዳቷ ለሰዓቱ እንደሚከፈላትም እንዲጻፍ እናትየው ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ትንሽ አሰቡና ተስማሙ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ለማስተርጎም ስሄድ እናትየው ገና በር ላይ አገኙኝ። ታብሌቱ አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው ያልቃል አሉኝ። ሁለተኛ ቻርጀር ትምህርት ቤት እንዲቀመጥ በአይኢፒው ላይ እንዲጻፍ ሊጠይቁ መጥተው ነበር።